የቅጠል ቤቱ ምላስ

ሰፈሩ ሁሉ «ምላስ» እያለ ይጠራታል፤ እሷ ግን በሰፈሩ ካሉት ሴቶች ሁሉ ዝምተኛዋ ናት። አዲስ የገባ ጎረቤት ስሙን ሲሰማ ነገረኛ ሴት ትመስለውና መንገድ ይቀይርባታል። ሰንብቶ፣ ከአፏ በቀን እፍኝ የማይሞላ ቃል እንደሚወጣ ሲያይ ደግሞ ግራ ይገባዋል። «ኧረ ይቺ ሴትዮ ምኗ ነው ምላስ?» ብሎ ሲጠይቅ የሰፈሩ ሰው ይስቅና፣ «ለወሬ መሰለህ እንዴ? ለሻይ ነው እንጂ!» ይለዋል።

እውነትም ለሻይ ነው። አያቷ የከፈቱት፣ አባቷ ያሰፉት፣ ዛሬ እሷና ታላቅ ወንድሟ የያዙት ቤት የሻይ ቅጠል ይቀምማል። ቅጠሉ ከየእርሻው በጆንያ ይመጣል፤ ይነፋል፣ ይቀየጣል፣ በቆርቆሮ ጣሳ ይታሸጋል። ሰው «ቅጠል ቤት» ይለዋል። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን ቅጠል እንደ ሰው ነው፤ ዝናብ የበዛበትና ፀሐይ የመታው አንድ አይደሉም፣ የዘንድሮው የአምናውን አይመስልም። ጣሳውን የሚከፍተው ሰው ደግሞ አያቱ የጠጡትን ያንኑ ሻይ ካልጠጣሁ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲቀምስ መዋል አለበት፤ ከዚህኛው ጆንያ ትንሽ፣ ከዚያኛው ቆንጠር፣ ያኛው ይቅር እያለ፣ በየዓመቱ የሚለዋወጠውን ቅጠል ወደማይለዋወጠው ጣዕም የሚመልስ ሰው። አባቷ «የሰው ቤት በምሰሶ ይቆማል፤ የእኛ ቤት የቆመው በምላስ ነው» ይሉ ነበር።

የቅምሻው ክፍል ከመጋዘኑ በላይ፣ ከመኖሪያው በታች ነው። አንድ ሰፊ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ እጀታ የሌላቸው ነጫጭ ሲኒዎች በሰልፍ፣ ከጎን የሚንተከተክ ማንቆርቆሪያ። ከጠረጴዛው ፊት አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ብቻ አለ። አያቷ ተቀምጠውበታል፣ አባቷ ተቀምጠውበታል፤ የእጅ ማሳረፊያው ጫፍ በሦስት ትውልድ መዳፍ ለስልሶ የወንዝ ድንጋይ መስሏል። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። የከለከለ የለም፤ ማንም ሞክሮት አያውቅም እንጂ።

እሷ የተቀመጠችበት ገና በልጅነቷ ነው። አስቀድሞ የተፈተነው ወንድሟ ነበር። አባቷ ሲኒዎቹን ደረደሩና፣ «ከእነዚህ ውስጥ ዝናብ ያሸነፈው የትኛው ነው?» አሉት። ፉት አለ፣ ፉት አለ፣ ጨነቀውና አንዱን ዝም ብሎ ጠቆመ። ሳተ። «በል አንተ ሽያጩን ትይዛለህ» ተባለ፤ በቃ። ቀጥሎ እሷ ተጠራች። ወንበሩ ላይ ወጥታ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይደርስም። አንዱን ሲኒ ቀመሰችና፣ «ይሄኛው አልቅሷል» አለች። አባቷ በሁለት እጃቸው ጉንጮቿን ይዘው ግንባሯን ሳሟት፤ ቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳቀላት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ እሷም አብራ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሽንኩርት አፏ አልገባም። ነጭ ሽንኩርትም፣ ቃሪያም። ሽቶ አልተቀባችም፣ ጭስ ያለበት አልደረሰችም። እኩዮቿ ከረሜላ ሲያላምጡ እሷ ለብ ባለ ውሃ ትጉመጠመጣለች። ሩቅ አገር አትሄድም፤ ጭነት በመጣ ቁጥር ወንበሩ ባዶ መሆን የለበትማ። ሌላው ልጅ «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» ሲባል ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያስባል። እሷን የጠየቃት አልነበረም። ሆናለቻ!

ያገባችው ሰው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሻይ ሲቀመስ በምላስ ሁሉ ላይ እንዲዳረስ በጩኸት ይሳባል፤ እሷ ደግሞ ልማድ ሆኖባት ሾርባውንም «ሽርርርጥ!» ታደርገዋለች። ሰውየው መጀመሪያ አብሯት ማዕድ የቀረበ ቀን ማንኪያውን አስቀምጦ አያትና፣ «የእኔ መኪና እንኳ ነዳጅ እንዲህ አድርጋ አትስብም» አላት። በዚያ ሳቅ ተጋቡ። ለእሷ ሲል ሲጋራውን ተወ። ሽንኩርቱን በየመንገዱ በልቶ፣ ከደጅ አፉን ተጉመጥሙጦ ልብሱን አራግፎ ነበር የሚገባው። ድምፁ ያማረ ነው። ሊሄድ ሲል ሞተሩን እያሞቀ በመስኮቷ ትይዩ ያንጎራጉርላታል፦

አንቺ ቤት ጠባቂ እኔ መንገደኛ፣
ከኛ ማን ነፃ ነው ማንስ ነው እስረኛ።

እሱ ዜማውን ይዞ ይሄዳል፤ እሷ ጥያቄውን ይዛ ትቀራለች። ከሞተ ቆይቷል። መኪናውንና ዜማውን ትቶ የሄደው ለአንዲት ልጃቸው ነው።

የልጅቷ ጉድ የታወቀው ገና አፏን በፈታች ሰሞን ነው። ከእናቷ ሲኒ ላይ ፉት አለችና፣ «እማዬ፣ እዚህ ሻይ ውስጥ ትናንት አለ» አለች። እናት ክው አለች። ጆንያው እውነትም አፉ ሳይታሰር አድሮ ነበር። ግራ ቀኝ አየች፤ ሰው የለም። ልጇን ወደ ደረቷ ስባ በጆሮዋ፣ «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ለአጎትሽ!» አለቻት።

በማግስቱ ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ገዛች። ሽንኩርት በማይገባበት ቤት፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ሽንኩርት ታበላት ጀመር፣ በጥሬው። ልጅቷ እያነባች ትገምጣለች፤ እናት ሽታው እንዳይነካት ራቅ ብላ ቆማ እያየች ታነባለች። ወንድሟ ሲያልፍ አፍንጫውን ይዞ፣ «ኧረ ምን ሆነሻል? የዚችን ልጅ ምላስ ገደልሽው እኮ!» ይላታል። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ወደደችው» ትላለች። በዚያው የልጅቷ ስም «ሽንኩርት» ሆኖ ቀረ። አጎቷም ተስፋ ቆርጦ ተዋት። ሽንኩርቱ መጋረጃ እንጂ ገዳይ እንዳልሆነ የሚያውቁት እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ። ልጅቷ አደገች፣ የአባቷን መሪ ጨበጠች፣ መንገዱን የእኔ አለች። እናት በየጉዞው መኪናው ማዕዘኑን ሲዞር ከመስኮቷ እያየች፣ «ሂጂልኝ» ትላለች በልቧ። «ሂጂልኝ፣ የእኔ እግር።»

ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጣላት። ትኩሳቱ ሲለቃት ወደ ወንበሯ ተመለሰች። የመጀመሪያውን ሲኒ ሳበች፤ ሙቅ ውሃ። ሁለተኛውን ሳበች፤ ሙቅ ውሃ። አፍንጫዋም እንደ ምላሷ ዝም ብሏል። «ይመለሳል» ብላ ጠበቀች፤ ሳምንቱ ወር ወለደ፣ ወሩም ወር ወለደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከገበያ ያመጣችውን ሽንኩርት ልጣ ገመጠችው። ዓይኗ አለቀሰ፣ ምላሷ ግን አልሰማም። ዕድሜዋን ሙሉ የተከለከለችው ነገር አፏ ውስጥ ገብቶ ተንኮሻኮሸ፣ እንደ እርጥብ ወረቀት ልሞ ወረደ። ቀሪውን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና፣ ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ በባሏ ዜማ አንጎራጎረች፦

ዘመኔን ጠብቄ በሩ ቢከፈትልኝ፣
ወጥቼ እንዳልሄድ እግሬ ተኝቶብኝ።

ለማንም አልተናገረችም። ቅጠሉን በመዳፏ እያሸች፣ ሲንኮሻኮሽ እየሰማች፣ የሻዩን ቀለም በመስኮቱ ብርሃን እያየች፣ የቀረውን ከትዝታ እየሞላች መቀመም ቀጠለች። ያጉረመረመ ደንበኛ አልነበረም። መጀመሪያ እፎይ አለች። ሲቆይ ግን ያው እፎይታ አንገበገባት። ያለ ምላስ የሚሆን ከነበረ፣ ያ ሁሉ ዘመን ለምን ተዘጋብኝ?

ዝም ያለችው ግን ለክብሯ ስትል አልነበረም። ወንድሟ ልጅ የለውም፤ ሽበቱ በገፋ ቁጥር «ከአንቺ በኋላ ማን?» ማለት አብዝቷል። ወንበሩ ባዶ መሆኑን ካወቀ ይፈልጋል። ከፈለገ ደግሞ ያገኛል፤ ልጇን ከመሪው ላይ አንሥቶ ያስቀምጥባታል። ስለዚህ የሞተ ምላሷን እንደ በር መወርወሪያ ከልጇ ፊት አድርጋ ተቀመጠች። የታሰረችበት ወንበር፣ አሁን ደግሞ ልነሣ ብትል እንኳ የማትነሣበት ሆነ።

አዲሱ ጭነት ሊገባ ሲል ወንድሟ መጋዘኑን አሳደሰ። የበሰበሰውን መደርደሪያ አስነቅሎ በአዲስ የጥድ ሳንቃ አስመታውና፣ «ነይ እስቲ እይው!» ብሎ ጠራት። መጋዘኑ መሃል ቆማ ዙሪያውን አየች። «አምሮበታል» አለች። በሌላ ዘመን ቢሆን ገና ከደረጃው «አውጡልኝ!» ብላ በጮኸች ነበር፤ የሻይ ቅጠል አጠገቡ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣልና። ሳንቃው ለወንድሟ ሸቶት ነበር፤ አፉን ሊከፍትም ቃጥቶት ነበር። ግን እሷ አምሮበታል ካለች እሱ ማን ነው? በዚያ ቤት እሷ ዝም ካለች ሽታ የለም ማለት ነው። ጆንያዎቹ ከጥዱ ጋር ሰነበቱ። እሷም ቀመመች።

ሊታሸግ በተቀጠረበት ጠዋት ሽንኩርት ከመንገድ ገባች። መኪናዋን ደጅ አቁማ፣ ዘይት የነካ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች።

«ሽንኩርት! ገና ከማዕዘኑ ሸተትሽን» አለ አጎቷ።

«እንደምን አደርክ ጋሼ? የአንተም ሽበት ከማዕዘኑ ነው የታየኝ።»

«ሂጂ ወዲያ! ይልቅ ከአዲሱ ቅመሺ። ዛሬ ይታሸጋል።»

«ለሾፌር ሻይ ሁሉ ሻይ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ለመኪናሽ ባጠጣት ያው ነው። ብቻ ቀረብኝ እንዳትዪ ብዬ ነው» አለና ሲኒ አቀበላት።

ልጅቷ እየሳቀች ፉት አለች። ሳቋ ቆመ። አጎቷ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ እናት ግን የልጇን ጉሮሮ አየች። አልዋጠችም። ከዚያ ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት፤ ዓይኗ መጀመሪያ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ገባው፣ ቀጥሎ ራደ። እናቷ ይህን ሻይ ይታሸግ ብላ ከሆነ፣ እናቷ መቅመስ ካቆመች ቆይታለች። እናት ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። አትናገሪ። ልጅቷ ሻዩን እንደ መድኃኒት ዋጠችው። «ጥሩ ነው» አለች።

«አላልኩሽም?» አለ አጎት ወደ በሩ እየሄደ። «በሉ እንግዲህ ማሸጉ ይጀመር።»

«ቆይ ጋሼ» አለች እናት።

«ምነው?»

«አይታሸግም።»

ዞር አለ። «ትናንት አለቀ ያልሽው አንቺው አይደለሽ እንዴ?»

«ብያለሁ። አይታሸግም።»

«ምን አለበት?»

ሲኒውን አነሣች። የአያቷንም የአባቷንም ያህል አድርጋ፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ ሳበችው። ሙቅ ውሃ። አንድ ነገር እንዳለበት ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ጭስ ይሆን? ሳሙና? ሻጋታ? ተሳስታ ብትናገር ወንድሟ እዚያው ሲኒውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ያጋልጣታል። ማንቆርቆሪያው ተንተከተከ።

«ንገሪኛ፣ እህት ዓለም። ምኑ ነው?»

መስኮቱ ጋ ቆማ መኪናዋን የምታይ የምትመስለው ልጅ፣ በአባቷ ዜማ ቀስ ብላ ታንጎራጉር ጀመር፦

ከጥድ ሥር ያደረች የዚያች ልጅ ጉዷ፣
የሱን ሽታ ለብሳ ጠፋባት መንገዷ።

እናት ዓይኗን ከደነች። «መደርደሪያው ነው» አለች። «ጥዱ ገብቶበታል።»

ወንድሟ በአድናቆት እጁን ሊያጨበጭብ ከፍ አድርጎ እዚያው አየር ላይ ተወው። ዕድሜ ልኩን ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሻይ አያነብ እንደሆነ እንጂ ፊት ያነባል። እህቱን አየ። ሲኒውን አየ። መስኮቱን አየ።

«ሽንኩርት» አለ በለሆሳስ። «እስቲ ዘፈኑን ድገሚልኝ።»

«የቱን?»

«የጥዱን።»

«ረሳሁት።»

«ሾፌር የመጣበትን መንገድ ይረሳል እንዴ?» አለ። ከዚያ ወንበሩን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣና መቀመጫውን በእጅጌው ጠረገላት። «ነይ ልጄ። ነይ ቁጭ በይ።»

በድምፁ ውስጥ አንዲት ክፋት የለችም። የከፋውም እሱ ነው። አባታቸው ሲኒ ሲደረድሩ የነበራቸው ያው ለስላሳ ድምፅ ነበር።

ልጅቷ የመኪናዋን ቁልፍ በመዳፏ ጨበጠች። ወደ እናቷ አየች፤ የገረጣውን ፊቷን፣ የማይቀምሰውን አፏን። «እማዬ ካልቻለች…» አለች። «በየጭነቱ እየመጣሁ ብቀምስላችሁስ? መንገዴን ባሳጥረው…»

እናት ያንን ቃል ሰማች፤ ባሳጥረው። አንድ ጭነት፣ ከዚያ ሌላ ጭነት፣ ከዚያ መኪናው ለሰው ተሰጥቶ፣ ከዚያ መስኮቱና ሲኒው ብቻ። በወንበሩና በልጇ መካከል ገብታ ቆመች።

«እሷ አትቀመጥም።»

«እንዴት? ምላሱ ያለው…»

«የእኔ ምላስ ሞቷል ጋሼ። ከክረምቱ ጉንፋን ጀምሮ ሞቷል። ይቺን አስቀምጠህ እንዳትቀብርብኝ ብዬ ነው የደበቅሁህ።»

«ከክረምት ጀምሮ?» ሲኒ የወደቀበት ያህል ደነገጠ። «ታዲያ ማን ነው ሲቀምም የከረመው?»

«እጄ።»

«እጅሽ! ጥዱንስ እጅሽ አየው? ነገ ሌላ ነገር ቢገባበትስ ማን ይነግረናል? የአያታችን ቤት በእኛ ዘመን ይዘጋ ነው የምትይኝ?»

«ቁጭ በል።»

«ማን?»

«አንተ።»

ሳቅ አመለጠው፤ ደረቅ ሳቅ። «ቀልድ ያዝሽ? እኔን እኮ አባባ…»

«አንድ ቀን ነው የፈተኑህ! አንድ ቀን! ቁጭ በል አልኩህ!»

ሰፈሩ ምላስ የሚላት ሴት እንዲህ ስትጮህ የሰማት አልነበረም። ሰውየው ወደኋላው ተንገዳግዶ ወንበሩ ላይ አረፈ፤ አረፈ ከተባለ፣ በምድጃ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዙሪያው ሲመላለስ ኖሮ፣ ከዚያ ላይ መስኮቱ ምን እንደሚያሳይ ያየው ዛሬ ነው። እሷ ከአምና ከተረፈው ጣሳ አንድ ሲኒ ቀዳች፣ ከአዲሱም አንድ፤ ጎን ለጎን አስቀመጠችለት።

«ሳበው።»

በከንፈሩ ጫፍ ነካ አደረገው።

«እንደ እንግዳ አይደለም! በጩኸት!»

በጩኸት ሳበ። ትን አለው፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ መስኮቱ ጋ አፏን በእጇ አፈነች። አጎቷ ግን ማንንም አላየም። አንዱን መልሶ ሳበ፣ ሌላውን ሳበ፣ ወደ አንደኛው ተመለሰ። ግንባሩ ቋጠሮ ሠራ።

«ይሄኛው…»

«እህ?»

«ሳንቃ ሳንቃ ይላል።» ሲኒውን አስቀመጠ። «መጋዘኑ ውስጥም ሸቶኝ ነበር እኮ። አንቺ አምሮበታል ስትዪ… ተውኩት።» ጆሮው ቀላ፤ ሽበታሙ ሰው እንደ ልጅ አቀረቀረ። «ያን ቀን፣ አባባ ሲጠሩኝ፣ ብርቱካን በልቼ ነበር። ልጣጩን ኪሴ ውስጥ ሸሽጌ ነው የገባሁት። ብናገር ይቆጡኛል ብዬ…»

ማንም አልሳቀም። ለአንድ ብርቱካን ብሎ ቤቱ አንዱን ልጅ ከወንበር አባሮ፣ ሌላዋን ወንበር ላይ አስሯት ኖሯል። እሷ ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣው ድካም ነው።

«በል የጥዱን ሻይ ሁሉ እንጥላለን» አለች። «ሳንቃውንም ታስነቅላለህ። ከዚያ እንደገና ነው።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ቀረበች። «ነይ እንሂድ እማዬ» አለቻት በሹክሹክታ። «አንድ ጉዞ እንኳ። ጋቢናው ባዶ ነው። አባዬ ሲዘፍንልሽ የነበረውን መንገድ አሳይሻለሁ።»

እናት በመስኮቱ አየች። መኪናው አፍንጫውን ወደ መንገዱ አድርጎ ቆሟል። እግሯን ልታንቀሳቅስ ፈልጋ ይሁን አይሁን ራሷም አላወቀችም። ከኋላዋ ወንድሟ፣ ለማንም ሳይሆን ለሲኒዎቹ የሚናገር ይመስል፣ «ዝናብ የመታው እንዴት ነው የሚታወቀው?» አለ። ጥያቄው የፈራ ልጅ ጥያቄ ነበር።

«ሂጂ፣ መንገዱ ይመሽብሻል» አለች ለልጇ፣ ጉንጯን እየሳመች። «አንቺን ማንም አይጠራሽም። ስትፈልጊ ብቻ ነይ።»

ልጅቷ ደረጃውን ወረደች፤ ስትወጣ እንደነበረው አልዘለለችም። ሞተሩ ተነሣ። እናት ወደ መስኮቱ ልትሄድ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ግን በዚያው ቅጽበት ወንድሟ አንዱን ሲኒ እንደገና ስቦ ዋጥ ሲያደርገው ሰማች። ቆመች። ከጓዳ ዝቅ ያለ ዱካ አምጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ከዱካው ላይ ሆኖ በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው።

«አትዋጠው» አለችው። «ምላስህ ላይ አቆየው። አዎ፣ እንደዚያ። አሁን ትፋውና እንደገና።»